የመሪጌታው ልጅ መድኃኒት

አዲስ አበባ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ ለመሪጌታ ቃለ ክርስቶስ
መካነ ሰላም

አባዬ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? የእማዬስ ልብ እንዴት ነው? በሾፌሩ በአህመዲን እጅ የላኩት ወረቀት ደርሶኛል። መልሱ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። አህመዲን ሁለት ጊዜ መጥቶ ሳያገኘኝ ተመልሷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ኃይለኢየሱስን ለማየት ሆስፒታል ገብቼ ነበር። እናንተ ዘንድ ስልኩ ቢከፈት ኖሮ ይኼ ሁሉ ባልሆነ።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ አንገቱን ቀደውታል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሲወድቅ የተሰበሩት ጎድኖቹ ሳንባውን ስለጎዱት በራሱ መተንፈስ አልቻለም። መጀመሪያ ቱቦውን በአፉ ነበር ያስገቡለት። እየቆየ ሲሄድ አንገቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከፍተው በዚያ አዞሩት። እኔም ልክ እንደ እርስዎ ደንግጬ ዶክተሩን "ድምፁስ?" አልኩት። ዶክተር ሙሐሲን ይባላል፣ የወረኢሉ ልጅ ነው። "ቱቦው ሲወጣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ድምፁም ይመለሳል" አለኝ። አባቴ የዜማ መምህር ነው፣ ወንድሜም ዘንድሮ ጾመ ድጓ ሊያስመሰክር ነበር ስለው ፈገግ ብሎ "እንግዲያማ ተጠንቅቀን ነው የምንይዘው" አለ። በዚህ አይጨነቁ።

ያለበት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይባላል። በቀን አንድ ጊዜ፣ እጄን ታጥቤ፣ ጋዋን ለብሼ እገባለሁ። መናገር አይችልም። ዓይኑን ግን ይከፍታል፤ እጁን ስይዘው መልሶ ይጨብጠኛል። ትንሽ ትኩሳት አለችው። የሚያሰጋ አይደለም ብለውኛል።

እማዬ ልምጣ ብትል አያስነሷት። ልቧ ይኼን መንገድ አይችለውም።

ልጅዎ ማርያማዊት


መካነ ሰላም፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማርያማዊት፣ ሰላመ እግዚአብሔር ካለሽበት አይለይ። እኛ በቸርነቱ አለን። እናትሽ ብዙዬ ከአልጋ ወርዳ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። "መልሶ ይጨብጠኛል" ያልሽውን አራቴ አስደገመችኝ።

ተማሪዎቼ ሁሉ ይጠይቁኛል። በማኅሌት ጊዜ ከእኔ አጠገብ ያለው የወንድምሽ ቦታ ባዶውን ነው። ተማሪዬ አወቀ እንዲቆምበት ብነግረው "የኔታ፣ እሱ እስኪመጣ እዚሁ ልሁን" ብሎ እንቢ አለኝ። እኔም አላስገደድኩትም።

ከዚህ ወረቀት ጋር ጸበል በጠርሙስ ልኬያለሁ። አህመዲን እስላም ቢሆንም በክብር ነው የያዘው፤ ከመሪው ፊት ለፊት አስቀምጦ "አብሽሩ የኔታ፣ አላህ ያሽረዋል" አለኝ።

ሁለት ነገር እጠይቅሻለሁ። ትኩሳቷ ምን ያህል ናት? ባለፈው የት እንደምታድሪ ጠይቄሽ ነበር፤ ለምን ዘለልሽው?

አባትሽ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣ ይኼን ወረቀት ለእማዬ አያንብቡላት።

የማድረው ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነው። ለአስታማሚዎች የተሠራ የቆርቆሮ መጠለያ አለ፤ ካርቶን አንጥፈን ጎን ለጎን እንተኛለን። የደጎሎዋ ሰብሌ አጠገቤ ናት። ባሏ አራጌ ከኃይለኢየሱስ ቀጥሎ ባለው አልጋ ነው። የአገር ሰው በመሆኗ ስኳሩንም ብርድ ልብሱንም እንካፈላለን። ዳቦ ቤቱ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ቀጥሯል። አልተቀየምኳቸውም፤ ሊጥ ሰው አይጠብቅም።

ጸበሉን ሲስተር አልታዬ አላስገባችውም። አልተቆጣችም፤ እጄን ይዛ "እህቴ፣ ውኃ ሆኖ ወደዚህ ክፍል የሚገባ ነገር አንፈቅድም። ውጪ ሆነሽ ራስሽን ተቀቢና ጸልዪለት" አለችኝ። የእጆቿ ቆዳ በአልኮል ብዛት ተልጧል። ብቻዋን ስንት አልጋ እንደምትዞር ቢያዩ ያዝኑላት ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ አልኮሉም ያልቃል።

ትንሽ ያልኩት ትኩሳት ትንሽ አልነበረም። ያን ጊዜም አውቄው ነበር። ሳንባው ውስጥ ባክቴሪያ ገብቷል። የጀመሩለት መድኃኒት አልሠራም። ወደ ሌላ ቀየሩለት፤ እሱም አልሠራም። አሁን ሦስተኛውን ይዘዋል። ከሳንባው የቀዱትን አክታ ላቦራቶሪ ልከው ውጤቱን እየጠበቁ ነው። ትናንት እጁን ስይዘው አልጨበጠኝም።

ማርያማዊት


አዲስ አበባ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣ ጾሙ እንዴት ይዞዎታል?

ባክቴሪያውን ከቤታችን ይዞት ሄዶ ይሆን ወይ ብለው የጻፉትን ለዶክተር ሙሐሲን አነበብኩለት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቆሞ ነበር የሚያናግረኝ፤ ሲቀመጥ ጊዜ ፈራሁ።

"ከቤታችሁ አልመጣም" አለኝ። "ያገኘው እዚሁ ነው። ቱቦው ላይ፣ አልጋው ላይ፣ እጃችን ላይ ይኖራል። ጤነኛ ሰው ቢነካው ምንም አይለውም፤ በማሽን የሚተነፍስ ሰው ላይ ግን ይበረታል።"

"ታዲያ ምነው ባላመጣነው!" አልኩት።

"ባታመጡት በዚያው ሳምንት ይሞት ነበር" አለና ወለሉን አየ። እሱም ደክሞታል አባዬ። ጺሙን ከተላጨ ሰንብቷል።

ከገበያ ገዝቼ ልላክ ያሉትን ካፕሱልም ነገርኩት። እንዳይልኩ ብሏል። ይኼ ባክቴሪያ እነዚያን ከተላመዳቸው ቆይቷል። ሰው ለጉንፋኑም ለሆዱም ጀምሮ ሲተወው፣ ሐኪም ቤቶችም ለሁሉም ሲሰጡ፣ ባክቴሪያው ተለማመደ ነው የሚለው።

አራጌ ሞተ። ያው የኃይለኢየሱስ ዓይነት ባክቴሪያ ነበር። ሰብሌ ብርድ ልብሱን ለእኔ ትታልኝ ሬሳውን ይዛ ወደ ደጎሎ ሄደች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የላቦራቶሪው ውጤት መጥቷል። ባክቴሪያው ከተሞከሩበት መድኃኒቶች ሁለቱን ብቻ አልቻላቸውም። አንደኛው እዚህ ሆስፒታል የለም፤ እኔም ያልጠየቅኩት ፋርማሲ የለም፣ አላገኘሁትም። ሁለተኛው አለ። ግን ኩላሊት ይጎዳል፤ ጆሮም ሊወስድ ይችላል።

"ሊወስድ ማለት?" አልኩት።

"መስማት። አንዳንዱን አይነካውም፤ አንዳንዱ ግን ጨርሶ አይሰማም። ከሄደ ደግሞ አይመለስም። በተለይ የእሱ ኩላሊት አሁን ደካማ ስለሆነ ያሰጋኛል። የቤተሰብ ፈቃድ እፈልጋለሁ።"

አባቴን ልጠይቅ አልኩት። "ጠይቂ፣ ግን ብዙ መቆየት አንችልም" አለኝ። አህመዲን ዛሬ ከሰዓት ይነሳል፤ ለዚህ ነው ጽሕፈቴ የተጣደፈው። ምን ልበል፣ አባዬ?

ማርያማዊት


መካነ ሰላም፣ መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያም ተቀምጬ ደገምኩት። ለእናትሽ "ተሽሎታል፣ ሰላም ይልሻል" ብዬ ሌላ ሌላ ነገር ጨመርኩበት። ስለ ዳቦ ቤትሽ እንኳ ሳይቀር ፈጠርኩላት።

ምን ልበል ብለሽኛል። እኔ ዓይን የሌለው ተማሪ ተቀብዬ አስተምሬአለሁ፤ ከሚያዩት በልጦ ወጥቷል። መቆም የማይችለውንም አስቀምጬ አስተምሬዋለሁ። ጆሮ ለሌለው ግን ዜማን በየት በኩል አስገባለታለሁ? እኔ ከመምህሬ የሰማሁትን ነው እሱ ከእኔ የሰማው። ወንድምሽን ታውቂዋለሽ። አፉን ሲፈታ ከቃል ይልቅ ዜማ ነው የቀደመው። የወደቀ ዕለት እንኳ ጣሪያው ላይ ሆኖ ሚስማር እየመታ ያዜም ነበር፤ እኔ ከታች ቆሜ እየሰማሁት ሳለ ነው ድምፁ የተቋረጠው። ነቅቶ ምንም ባይሰማ ለምን አተረፋችሁኝ ይለናል ብዬ እፈራለሁ።

ስለዚህ ቆዩ። ያኛው መድኃኒት ይፈለግ። ደሴ ሰው ልኬያለሁ። የአህመዲንም ወንድም ድሬዳዋ አለ፤ እሱም እንዲጠይቅ ተነጋግረናል። አንድ ሱባዔ ብቻ ቆዩ በያቸው። እኔም በጸሎት እያለሁ ነው።

አባትሽ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣ ቆዩ ያሉበት ደብዳቤ የደረሰኝ ዛሬ ነው። መንገድ ተዘግቶ አህመዲን ደጎሎ ላይ ሰንብቷል።

ፈርሜያለሁ።

ያን ቀን ደብዳቤዬን ለአህመዲን ሰጥቼ ስመለስ ሲስተር አልታዬ በር ላይ ቆማ ነበር። የደም ግፊቱ ወርዶ ዶክተሮቹ አልጋውን ከበውታል። ሙሐሲን ወደ እኔ መጣና "ማርያማዊት፣ አባትሽ እስኪመልሱ ብንጠብቅ ልጁን ላናገኘው እንችላለን" አለኝ። እስክሪብቶ ስጡኝ አልኩ። እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ ይኼ እስካሁን ይከነክነኛል። ስለ ድጓውም ስለ ጆሮውም አላሰብኩም። ደክሞኝ ነበር፣ አባዬ። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገ ስመጣ አልጋው ላይ ላግኘው ብቻ አልኩ።

መድኃኒቱን ያኑ ዕለት ከሰዓት ጀመሩለት። ትኩሳቱ መውረድ ጀምሯል። ኩላሊቱን በየቀኑ ያዩታል። ጆሮውን ግን እስኪነቃ ማወቅ አይቻልም።

ድሬዳዋም ደሴም አልተገኘም አሉ፤ አህመዲን ነገረኝ። ቢገኝ ኖሮ ምን እንደምል አላውቅም።

ይቆጡኝ። መጻፍ ግን አይተዉ።

ማርያማዊት


መካነ ሰላም፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማርያማዊት

ወረቀትሽ ደርሶኛል። እናትሽ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ። ጾሙና አገልግሎቱ ጊዜ ስለማይሰጥ ብዙ አልጽፍም። በሶና ብርድ ልብስ ልኬልሻለሁ፤ ከአህመዲን ተቀበይ።

ቃለ ክርስቶስ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣ በሶው ደርሶኛል። ብርድ ልብሱም። "አባትሽ" ብለው ስላልፈረሙ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ አለቀስኩ፤ አሁን ግን ያለፈ ነገር ነው።

ኃይለኢየሱስ ከማሽን ወጥቷል። ወደ ሌላ ክፍልም ተዛውሯል። ኩላሊቱ ተርፏል። የአንገቱ ቀዳዳም እየተደፈነ ነው። ከቁመቱ በስተቀር እሱን የሚመስል ነገር የለውም፤ አጥንት ብቻ ሆኗል። ሆኖም በራሱ ይተነፍሳል።

ባለፈው ድምፁ ተመለሰ ወይ ብለው በአህመዲን በኩል አስጠይቀውኛል። በወረቀት ሊጠይቁኝ ስላልፈለጉ ይመስለኛል። እነግርዎታለሁ።

ሙሐሲን ቀዳዳውን በጨርቅ ሸፍኖ "እስቲ ተናገር" አለው፤ በእጁም ወደ አፉ አመለከተው። ሲስተር አልታዬ ከድሮው ክፍሉ ልታየው መጥታ ነበር። ኃይለኢየሱስ ጉሮሮውን ጠረገና በሻካራ ድምፅ "ማርዬ" አለኝ። ዘልዬ አቀፍኩት። "ወንድሜ! ወንድም ጋሼ! እሰይ!" እያልኩ ጮህኩ። ሌሎቹም አስታማሚዎች እልል አሉ። እሱ ግን አንድ በአንድ አፋችንን አየና "ለምንድነው የምትንሾካሾኩት?" አለ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። እሱ ግን ጸጥ ማለታችንን አላወቀም። "ወንዝ ነገር ይጮኻል። ውኃ ተከፍቷል እንዴ?" አለኝ። ሙሐሲን ከጀርባው ሄዶ አጨበጨበ። ኃይለኢየሱስ አልዞረም። አልታዬ ፊቷን በጋዋኗ ሸፍና ወጣች።

በካርቶን ላይ በትልልቁ ጻፍኩለት። መድኃኒቱ ነው፣ የፈረምኩትም እኔ ነኝ አልኩት። ብዙ አየው። ከዚያ ካርቶኑን ተቀብሎኝ ገለበጠና አስቀመጠው። ያን ቀን ሙሉ ግድግዳውን ሲያይ ዋለ። በማግስቱ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "አባዬ ያውቃል?" አለኝ።

ምን ልበለው?

ማርያማዊት


መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማርያማዊት፣ ሕማማት ላይ ነን። ከስግደት ወጥቼ ደክሞኝ ነው የምጽፍልሽ፤ ጽሕፈቴ ቢጣመም አትፍረጂብኝ።

ያውቃል በዪው።

ደብዳቤሽን ይዤ እንደ ልማዴ ለእናትሽ ማንበብ ጀመርኩ። "ከማሽን ወጥቷል" የሚለውን አነበብኩላት። ከዚያ ወዲያ ያለውን በሌላ ቃል ልለውጠው ስል እጇን አነሳችና "ተወው" አለችኝ።

"ምኑን?" አልኳት።

"ከየካቲት ጀምሮ ስትዋሸኝ ነው የከረምከው። እሷ የጻፈችውን ስታነብ ትንተባተባለህ፤ ከራስህ ስታወጣ ግን እንደ ድጓ ታወርደዋለህ። አሁን እየተንተባተብክ አንብብልኝ።"

አነበብኩላት። ለልቧ ፈርቼ ነበር፤ ምንም አልሆነችም። ስጨርስ "ይበላል?" አለች። "ይበላል መሰለኝ" አልኳት። "ይራመዳል?" አለች። አላውቅም አልኳት። "እንግዲያስ ይምጣ፤ እዚህ ይራመዳል" ብላ አልጋውን ልታነጥፍ ተነሳች። እኔ ይኼን ያህል ጊዜ ስለ ጆሮው ስጨነቅ ይበላል ወይ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩሽም።

ፋሲካን እዚያው አሳልፉና ሐኪሙ ሲፈቅድ አምጪልኝ። አህመዲን ወንበሩን አንጥፎ አስተኝቶ እንደሚያመጣው ቃል ገብቶልኛል። ሙሐሲን ለሚባለው ሐኪምና ለአልታዬ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። በጸሎቴ ሁለቱንም በስም እጠራቸዋለሁ።

አባትሽ


መካነ ሰላም፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማርያማዊት፣ እንዴት ከረምሽ? አዲሱ ዳቦ ቤት ተስማማሽ? በደህና መግባትሽን አህመዲን ነግሮን ደስ ብሎናል። እናትሽ ስትሄጂ ከስተሽ ነበር እያለች ዕለት ዕለት ታነሳብኛለች፤ ስለዚህ በደንብ ብዪ።

ወንድምሽን ጠይቀሻል። ይበላል። በትር ይዞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይደርሳል። ሲዞር ሚዛኑን ይስታል፤ ይኼም ከጆሮው ነው ብለሽኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሁሉ እየጮኸ ያናግረው ነበር። አሁን ትተውታል፤ ወይ በእጅ ያሳዩታል ወይ አመድ ላይ ይጽፉለታል። አንዳንድ ቀን ማንንም ማየት አይፈልግም፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አልዋሽሽም፣ እንዲህ ያሉት ቀኖች ብዙ ናቸው። አንድ ቀን በንዴት ሳህን ወርውሮ ሰብሯል። ምግብ ስታቀርብለት እናትሽን አላይም ብሎ ያስለቅሳታል። ከዚያ ደግሞ ይጸጸትና እግሯን ይይዛል።

ያዜማል ወይ ላልሽው፣ ይኼን ደብዳቤ ያስጀመረኝ እሱ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተማሪዎቼን ግቢው ውስጥ ሰብስቤ ዜማ ሳስቀጽል ኃይለኢየሱስ ከቤት ወጣ። ድጓውን ከአወቀ ጭን ላይ አነሳና ተቀመጠ። የዜማውን ምልክት በጣቱ እየተከተለ ጀመረ። ልጄ፣ ድምፁ ሻክሯል እንጂ አለ! መግቢያው ልክ ነበር። ከሁለተኛው የዜማ ቤት ጀምሮ ግን ድምፁ ወደ ላይ እየወጣ ሄደ። አወጣጡን አያውቀውም፤ እሱ ያስታውሰዋል እንጂ አይሰማውም። በጣም ከፍ አለ፣ ተሰነጠቀም። ተማሪዎቹ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። እናትሽ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን ነክሳለች። እኔ ከዚህ ባነሰ ስሕተት ተማሪ ከፊቴ ያስነሳሁ ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ።

ቀና ብሎ አየኝ። ልክ ነኝ ወይ ማለቱ ነው። ልክ ነህ ብለው የሚያምነኝ ይመስለኝ ነበር፣ ሁሉም ያን ጊዜ የጠበቀው ይኼንን ነው። ግን አባቱ ብቻ አይደለሁም፣ መምህሩም ነኝ። ተነስቼ ሄድኩና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። እጄን ከፍ አድርጌ አሳየሁት፤ ከዚያ ቀስ እያደረግኩ አወረድኩት። ዝቅ በል አልኩት። እጁን ወስዶ ጉሮሮዬ ላይ አደረገው፤ እኔ አልነገርኩትም፣ ራሱ ነው ያደረገው። አዜምኩለት። ሌላ እጁን የራሱ ጉሮሮ ላይ አድርጎ ተከተለኝ። ወረደ። አልፎ ወረደ፤ በእጄ መለስኩት። አሁንም ሳተ። "እንደገና" አልኩት በአፌ። አፌን አይቶ ገባውና ሳቀ። ከሆስፒታል ከመጣ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ከአንድ ቤት አላለፍንም። እሱም ደከመው፣ እኔም ደከመኝ። ድሮ በአንድ ጧት የሚዘልቀውን አሁን ዓመት ይፈጅበት ይሆናል። ጨርሶ ላይዘልቀውም ይችላል። ሽማግሌ ነኝ፤ እስከዚያ መኖሬንም እንጃ።

አንድ ነገር ልበልሽና ላብቃ። ቆዩ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያልቆየሽው አንቺ ነሽ። እሑድ ጉሮሮዬ ላይ እጁን ያደረገው ልጅ የተገኘው አንቺ ስላልቆየሽ ነው። እጄ አልተንቀጠቀጠም ብለሽ የጻፍሽው እንደሚከነክንሽ ነግረሽኝ ነበር። አይከንክንሽ፣ ልጄ።

እሱ ሰላም ይልሻል። አሁን ከጎኔ ሆኖ እስክሪብቶውን እያየ ነው፤ እንድጨርስ ይፈልጋል። ዛሬ ከሳተበት ቤት ልንጀምር ነው።

አባትሽ ቃለ ክርስቶስ